«ባዶ ቦታ» የሚባል አለን?

በዋሽንግተን ዲሲ ከምንኖር ወገኖች ሮክ ክሪክ የተባለውን በደን የተሸፈነ ሸለቆ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከ700 ሔክታር በላይ የሚሆነው ይህ ስፍራ በአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ገና ወደዚያ አልደረሰችም፤ ሸለቆውም በአመዛኙ ከሰፈሮቿ ውጭ ነበረ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቤትና መንገድ ሳይቀድማቸው ከለሉት። ዛሬ እኛ ስደተኞች ከሥራ ደክመን ስንወጣ በዚያ ጥላ ሥር እናርፋለን፤ እነርሱ ግን እንደምንመጣ አላወቁም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ገና ላልተወለደና ለማናውቀው ሰው ጥላ የማቆየት ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም?

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ፥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ተመናመነ። የእንጨቱ ችግር ስለ በረታም ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ እርሱም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ መጥቶ በየኮረብታው የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዋና ከተማችን በዛፍ እጦት ልትፈታ ቀርባ የነበረች ከተማ ናት።

የሚቃወም ሰው ግን እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ እያደረ ለዛፍ ቦታ መተው ግፍ አይደለምን?» ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የጋራው መስክ ሲጠፋ ማን እንደሚጎዳ እንመልከት። ባለጸጋ በአጥሩ ውስጥ አትክልት ይተክላል፤ ለድኻ ግን ጓሮው የሕዝብ መስክ፥ የልጆቹም መጫወቻ የወንዝ ዳር ነው። የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው የክረምቱ ዝናብ በቀበናና በሌሎችም ወንዞች ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ሣርና ሥር የያዘው አፈር ውኃውን ይመጠዋል፤ ሲሚንቶ የለበሰ ምድር ግን ሳያስቀር ይለቅቀዋል። ጎርፉም ፈጥኖ የሚደርሰው በወንዝ ዳር ከተጠጋው የድኻ ደጅ ነው። በአንጻሩም ድኻውን አፈናቅሎ በጎጆው ቦታ አበባ መትከል ከጽድቅ አይቆጠርም፤ ጥላ የሚጠበቀው ለሚቀመጥበት ሰው ነውና። ቤት በተሠራበት መሬት ላይ ፎቅ መጨመር ይቻላል፤ የተሸፈነ የወንዝ ዳርን መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ልማት ዘላቂ የሚባለው ይህን ልዩነት ሲያውቅ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ቆመው ከሚታዩት ደኖች ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥሮች ናቸው። በደቡብ ጎንደር ከብት ቡቃያውን እንዳይበላው በማለት ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በአንዳንዶቹ ዙሪያ ካብ ክበዋል። እነዚህ ገበሬዎች መሬት የተረፋቸው ሰዎች አይደሉም፤ ቢሆንም የግላቸው ያልሆነውን ለይተው ያውቃሉ።

እኔ ግን አላወቅሁም። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ የሚኖሩት እናቴ ቤታቸው እንዲሰፋ፥ ግቢውም በሙሉ ሲሚንቶ እንዲለብስ ገንዘብ ላክሁ። በአጥሩ ጥግ የነበረው አሮጌ ወይራ ለሥራው አላመቸም ተባለ። እኔም በስልክ «ባዶ ቦታ ነው፤ ይቆረጥ» ብዬ ፈቀድሁ። ሥራው ሲያልቅ እናቴ መረቁኝ፤ ጥቂት ቆይተውም «ቤቱስ አምሯል ልጄ፤ ግን ጎረቤቶቼን ቡና የት ላስቀምጣቸው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለካ እኔ ባዶ ያልሁት ቦታ ስንት ዘመን ሰው ሲሰበሰብበት ኖሯል!

ይህ በአንድ ግቢ የሆነ ነው፤ መስኩ የሕዝብ ሲሆን ደግሞ በደሉ ይበዛል። እኛ ከባሕር ማዶ በምንልከው ገንዘብ በትውልድ ከተማችን ቤት ይሠራል፤ ስለዚህም ከደሙ ንጹሕ ነን ለማለት አንችልም። ደላላው «ባዶ ቦታ አግኝቼልሃለሁ» ሲለን ዋጋውን ከመጠየቃችን አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በዚህ ቦታ ማን ያርፍ ነበር? የዝናቡ ውኃ በየት ያልፍ ነበር? ከእኛ በኋላ የሚመጣውስ ምን ያገኛል?

ባለፈው ክረምት በእናቴ ግቢ ጥግ ሲሚንቶው ተሰብሮ የወይራ ችግኝ ተተክሏል። ወይራ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ጥላው ለእናቴ አይደርስም፤ ምናልባት ለእኔም አይደርስም። የሚደርስለት ሰው ግን አለ፤ ስሙን ባናውቀውም ዕዳው የእኛ ነው።