ሳያውቅ የጎዳ እጅ

ሰው ሳያውቅ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን? ጥያቄው የቆየ ነው። ወደ ልቡናዬ የመለሰው ግን ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተፈጽሞለት ሳለ ቁስሉ አመርቅዞ የሚሰቃይ የሕመምተኛ ነገር ነው። ቢላዋውን የያዘው እጅ ሊያድን እንጂ ሊጎዳ አልተዘረጋም።

እ.ኤ.አ. በ1847 ሀንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ሰሜልቫይስ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። አንድ ወዳጁ ፕሮፌሰር ሬሳ ሲመረመር የተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ሞተ። አሟሟቱ አራሶችን ከሚፈጀው ትኩሳት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰሜልቫይስም ሐኪሞች ከሬሳ ክፍል ወደ ወላዶች ሲያልፉ ሞትን በእጃቸው ይዘው እንደሚገቡ ተረዳ፤ ክሎሪን ባለበት የኖራ ውኃ እንዲታጠቡም አዘዘ። በኤፕሪል ከመቶ 18 ያህል የነበረው የአራሶች ሞት በጁን ወደ 2 ያህል ወረደ።

ብዙ ባልንጀሮቹ ግን አልተቀበሉትም። የተከበረ ሐኪም እጅ ርኩስ ነው መባሉ ከበዳቸው። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ብዙ ሬሳ የመረመረ በመሆኑ ሳያውቅ ለስንቶች ሞት ምክንያት እንደሆነ ሊቆጥር እንደማይችል ሳይሸሽግ ጻፈ። እኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህን ኑዛዜውን አከብራለሁ። ከ1847 በፊት የነበሩትን ለመፍረድ አልደፍርም፤ ተነግሯቸው እንቢ ያሉት ግን አላወቅንም ሊሉ አይችሉም።

ሰሜልቫይስ ኦገስት 13 ቀን 1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በተመረዘ ቁስል ሞተ። በዋዜማው በግላስጎው ጆሴፍ ሊስተር፥ ጋሪ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል ካርቦሊክ አሲድ በነከረው ጨርቅ ሸፈነ። በዚያ ዘመን አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ስብራት ብዙ ጊዜ እግር መቆረጥን ወይም ሞትን ያስከትል ነበር፤ ልጁ ግን በስድስት ሳምንት ገደማ ዳነ።

ዛሬ ሐኪሙ እጁን ፈትጎ ይታጠባል፤ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒቱ ከመቀደዱ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ምላጭ ቆዳን ስለሚያቆስል ጠጉር በምላጭ አይላጭም። ሆኖም የቁስል መመረዝ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከቤት ከተገባ በኋላ እስከ ሠላሳኛው ቀን ድረስ እንኳ ሊከሠት ይችላል። ከእኛ መካከል ግን ትኩሳቱንና መግሉን «ሐኪሞቹን ላላስቸግር» ብሎ የሚደብቅ አለ። አስታማሚ እጁን ሳይታጠብ ፋሻውን ሲነካ እያየም በይሉኝታ ዝም የሚል አለ።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አንዲት እናት ልጠይቅ ሄድሁ። ከመንገድ እንደገባሁ ትራሳቸውን ላቃና እጄን ዘረጋሁ።

«ልጄ፥ አስቀድመህ እጅህን» አሉኝ።

ሌሎች ጠያቂዎች ስለነበሩ ፊቴ ቀላ፤ ቅርም አለኝ። ለፍቅር የመጣሁ ሰው እንዴት እንዲህ እባላለሁ ብዬ ነበር። የቪየና ሐኪሞች ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ መታጠቢያው ሄጄ ውኃውን ከፈትሁ።