በልጆቹ እርምጃ



ዔሳው ከወንድሙ ከያዕቆብ ጋር ከታረቀ በኋላ አብረው እንዲጓዙ ጠይቆት ነበር። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ጨቅላ መሆናቸውን፣ ከመንጋውም የሚያጠቡ መኖራቸውን፣ ለአንድ ቀን እንኳ በችኮላ ቢነዱ እንደሚያልቁ ገልጾ፣ እርሱ በልጆቹና በእንስሳቱ እርምጃ በዝግታ እንደሚከተል ነገረው (ዘፍ. 33፣13-14)። ይህን ክፍል በዘርአ ክህነት ሳለን ደጋግመን አንብበነዋል። የገባን ግን በተራራ ላይ፣ ያውም በራሳችን ጥፋት ነው።

ለትምህርት በሮም በነበርንበት ዘመን፣ በአንድ የበጋ ዕረፍት ከአንድ ቁምስና ምእመናን ጋር ስምንት ሆነን ወደ አልፕስ ተራሮች ሄድን። በዚያ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሞን ብላንን የሚዞር፣ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ አለ፤ ፈረንሳይን፣ ኢጣሊያንና ስዊዘርላንድን ያዳርሳል። መንገደኛው ድንኳን መሸከም ሳያስፈልገው ከአንዱ የተራራ ማረፊያ ቤት ተነሥቶ በሌላው ያድራል። የዚያን ቀን የተነሣነው በፈረንሳይ በኩል ካለው ከሌ ሞቴ ነው። ቤቱ ቀድሞ የላሞች በረት ነበር፤ ዛሬ ሰው ይተኛበታል። (በበረት የተወለደውን ጌታ የምናመልክ ሰዎች ይህን መናቅ አይገባንም።) ከዚያ ወደ 650 ሜትር ሽቅብ ወጥተን፣ በ2,516 ሜትር ላይ ያለውን የኮል ደ ላ ሴኝን መተላለፊያ አልፈን፣ በኢጣሊያ በኩል ኤሊዛቤታ በተባለው ማረፊያ ማደር ነበረብን።

ከፍታው ለደጋ ሰው ምንም አይደለም ብለን ታበይን። ከእኛ ጋር ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። እኛ ከሦስት ወጣቶች ጋር ቀደምን። በየጊዜው አረፍ ብለን እንጠብቃቸዋለን፤ እርሳቸው ሲደርሱ ግን እኛ ዐርፈን ስለ ጨረስን ወዲያው ብድግ እንላለን። ስለዚህ ብርቱዎቹ አራት አምስት ጊዜ ሲያርፉ ደካማው አንድ ጊዜም አላረፈም። ይህን በዚያን ሰዓት አላስተዋልንም። መተላለፊያው ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ፤ እኛም ይደርሱብናል ብለን ቁልቁል ወረድን።

በማረፊያው ደንብ መሠረት ጫማችንን በደጃፍ አውልቀን ገባን፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይም በረጅሙ የጋራ ገበታ ተቀምጠን ሾርባችንን ጠጣን። የቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ይዘው መጡና ቆጠሩን። ስምንት ተመዝግበዋል፤ አራት ተቀምጠዋል። «ሌሎቹስ?» አሉ። «እየመጡ ነው» አልን። እርሳቸው መልስ ሳይሰጡ የእጅ ባትሪያቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም ርጥቡን ጫማ መልሰን አጥልቀን ተከተልን።

አራቱን ከመተላለፊያው በታች አገኘናቸው። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲት እኅት ሹራቧን አውልቃ ደርባላቸዋለች፤ መቍጠሪያ ይደግማሉ። ማንም አልወቀሰንም። ሽማግሌው፣ «እራት በላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። በልተን ነበር።

ውድ ካቴኪስቶች፣ ያንን ጥያቄ የምናስታውሰው ለጥምቀት የሚዘጋጁትን ስም ዝርዝር በምንዘጋበት ጊዜ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃል መያዝ ያቃታቸው አሮጊት፣ ከብት ሲጠብቅ ትምህርት የሚያመልጠው ልጅ፣ በሐዘን ምክንያት ሁለት ወር የቀረችው እናት አሉ። ለሀገረ ስብከቱ የምንልከው የደረሱትን ቍጥር ነው። እኛም በክህነታችን የመጀመሪያ ዓመታት የቀሩትን ስም ሰርዘን፣ ሥራችን ተሟላ ብለን ፈርመናል። ወጥተን አልፈለግናቸውም።

የተራራ ተጓዦች ጠባቂ ቅዱስ በርናርዶስ ዘአኦስታ ናቸው። እንዲህ ብለው እ.ኤ.አ. በ1923 የሰየሟቸው ር.ሊ.ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ራሳቸው ቀድሞ ተራራ ወጪ ነበሩ። ቅዱሱ የሚታወሱት ግን ስለ ወጡት ጫፍ አይደለም፤ በስማቸው በሚጠራው መተላለፊያ ላይ የመንገደኞች ማረፊያ ስለ መሠረቱ ነው።

በማግሥቱ ሰልፉን ለወጥን። ሽማግሌውን ከመሪው ቀጥሎ አደረግናቸው፤ እርሳቸው ሲቆሙ ሁላችን ቆምን። ኩርማየር ከተማ የደረስነው ካሰብነው ሁለት ሰዓት ዘግይተን ነው፤ አውቶቡሱም አመለጠን። ቀጣዩን ስንጠብቅ ሽማግሌው ለሰባታችንም ቡና ጋበዙን።