ወንድማማችነት በምን ይመዘናል?

በየዓመቱ የመስከረም ወር ሲጠባ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በሚኖሩ በብዙ ወገኖቻችን ቤት አንድ ዓይነት ነገር ይነሣል። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ «ፍራተርኒቲ»፣ የገባች ልጅ ደግሞ «ሶሮሪቲ» ከሚባሉት የተማሪዎች ማኅበራት ወደ አንዱ ለመግባት እንደሚሹ ለወላጆቻቸው ይነግራሉ። ወላጆችም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣሉ። ወይ «የሰካራሞች ቤት ነውና አትድረስበት» ይላሉ፤ ወይ ነገሩን ስለማያውቁት «አንተ ታውቃለህ» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም መልሶች ልጁን ከጥያቄው ጋር ብቻውን ይተዉታል። ጥያቄው ግን ከአንድ የተማሪዎች ቤት የሚሰፋ ነው፤ ይኸውም በሥጋ ያልተዛመዱ ሰዎች ወንድማማች ወይም እኅትማማች ነን ሲሉ፣ ያ ዝምድና እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ሁለቱ ስሞች ከላቲን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ወንድም»፣ ሁለተኛው «እኅት» ከሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ማኅበራቱ የሚጠሩት በግሪክ ፊደላት ነው። ልማዱ በአሜሪካ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ በዊሊያምና ሜሪ ኮሌጅ ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው ማኅበር ሲመሠረት ነው። ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካይ ሳይ የተባለው የወንዶች ማኅበር በ1874፣ ካፓ ካፓ ጋማ የተባለው የሴቶች ማኅበር በ1880 ገብተዋል። ትላልቅ ቤቶቻቸው ዛሬም በዩኒቨርሲቲ አቬኑና በዲንኪታውን አካባቢ ተደርድረው ይታያሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣን ስደተኞች በብዛት ከምንኖርበት ከሲዳር ሪቨርሳይድ የሚለያቸው የሚሲሲፒ ወንዝ ነው፤ ድልድዩን በእግር መሻገር ይቻላል።

ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ እነዚህ ቤቶች የሚሰጡትን በቅንነት ማየት ይገባል። ከ50,000 በላይ ተማሪዎች ባሉበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት በሺህ ሰው መካከል ብቻውን ሊሆን ይችላል። ማኅበሩ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች፣ አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ፣ ስለ ትምህርቱ የሚመክሩት ታላላቆች፣ ከተመረቀም በኋላ ሥራ የሚያመላክቱት አንጋፋዎች ይሰጠዋል። ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ያሰባስባሉ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ረኀብ ሊንቅ አይገባውም።

ችግሩ ያለው በበሩ ላይ ነው። ብዙዎቹ ማኅበራት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጥቁሮችንና አይሁዶችን በደንብ አንቀጽ ጭምር ይከለክሉ ነበር። በተዘጋው በር ፊት የቆሙት ጥቁር ተማሪዎች የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ አልፋ ካፓ አልፋ የተባለው የሴቶች ማኅበር በ1908 በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረቱ። ሁለተኛው የበሩ ችግር «ሄዚንግ» የሚባለው ነው፤ አዲስ ገቢውን በማዋረድ፣ በማንገላታት፣ ከአቅሙ በላይ መጠጥ በማስጠጣት መፈተን ማለት ነው። በ2017 በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት ዕጩ በእንዲህ ያለ ምሽት ሰክሮ ከደረጃ ወደቀ፤ «ወንድሞቹ» 12 ሰዓት ለሚያህል ጊዜ እርዳታ ሳይጠሩለት ቆዩ፤ በኋላም ሞተ። በዚህና ይህን በመሰሉ ሞቶች ምክንያት በታኅሣሥ 2024 ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት መዝግበው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ወጣ።

ውርደት ሰዎችን የሚያስተሳስረው ስለምንድን ነው? ሰው ብዙ የከፈለበትን ነገር ርካሽ ነው ለማለት ይቸግረዋል፤ የተዋረደውም ውርደቱ ከንቱ እንዳይሆንበት በተራው ሌላውን ያዋርዳል። ከዚህ የሚወለደው ትስስር ጽኑ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጽናቱ የፍቅር ሳይሆን አብሮ ምሥጢር የመደበቅ ጽናት ነው። የማኅበሩ ስም ከወደቀው ወንድም ሕይወት የሚበልጠውም ስለዚህ ነው።

ይህ ፈተና የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች አዲስ መጪውን እየቀለዱበትና እየጮኹበት በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት፣ በሩንም እየደበደቡ ያስፈራሩት ነበር። ይህን የሚተርክልን ባስልዮስ በ379 ካረፈ በኋላ ስለ እርሱ በተናገረው የመታሰቢያ ንግግር ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። ጎርጎርዮስ ቀድሞ አቴና ገብቶ ስለነበር፣ ባስልዮስ በመጣ ጊዜ የእንግዳውን ጠባይና ዕውቀት ለባልንጀሮቹ አስረድቶ ከዚያ መዋረድ አዳነው። ወዳጅነታቸውም ከዚያ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስበት፣ በቂሳርያ ለድውያንና ለድሆች መጠለያ የሠራ ባስልዮስ ነው። እንግዲህ በአቴና በር ላይ ሁለት ዓይነት ማኅበር ታይቷል፤ አንዱ እንግዳውን አዋርዶ የሚቀበል፣ ሁለተኛው እንግዳው እንዳይዋረድ በመካከል የሚቆም።

በአገራችንም የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከማያውቀው ደብር ሲደርስ፣ ቀድሞ የመጣው ተማሪ ጎጆውን ያካፍለዋል፤ እንዴት እንደሚለምን፣ ከውሻ እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምረዋል። ችግሩ የጋራ ነው፤ ማንም በማንም ላይ የፈጠረው አይደለም። የጽዋ ማኅበራችንም የሚከበረው ማዕዱ ከአባላቱ አልፎ ለነዳያን ሲተርፍ ነው። ይሁን እንጂ ስደት ላይ የራሳችንን በር ብንመረምር ንጹሕ ሆኖ አናገኘውም። በትውልድ ስፍራ፣ በቋንቋና በፖለቲካ የተከፋፈለ ማኅበርና እድር አለን። ለልጆቻችንም በማኅበሮቻችን ውስጥ የተውንላቸው ሥራ ወንበር መደርደርና ትሪ ማመላለስ ነው። በማይሰሙት ቋንቋ ከሚካሄድ ስብሰባ ጥግ የተቀመጠ ልጅ በስሙ ወደሚጠሩት ቤት ቢሄድ ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለሆነም ለልጆቻችን ከክልከላ ይልቅ ሚዛን ብንሰጣቸው ይሻላል። ያ ቤት ለመግባት የሚጠይቅህን ነገር ለእናትህ ልትነግራት ትችላለህን? ከአባላቱ አንዱ በሌሊት ቢወድቅ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ እርሱ ነው ወይስ ስለ ስማቸው? ማንን አያስገቡም፣ ስለምንስ? ይህን ሚዛን የሚያልፍ ማኅበር በግሪክ ፊደል ቢጠራም ወንድማማችነት ነው፤ የማያልፈው በጻድቅ ስም ቢጠራም አይደለም። ልጁም ሚዛኑን ከእኛ ከተቀበለ በኋላ አስቀድሞ የሚመዝነው የእኛን ማኅበር ይሆናልና፣ ከዚያ በፊት በራችንን ብንከፍት መልካም ነው።