የዕረፍት ስፍራ ስለ መምረጥ

የስብከቱ ክፍል፦ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6፥ ከቍጥር 30 እስከ 34



ሐዋርያት ከተላኩበት ሥራ ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ ለጌታ በነገሩት ጊዜ፥ ጌታ ሌላ ሥራ አልጨመረባቸውም። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ፋታ እንዳጡ ተመልክቶ ወደ ገለልተኛ ስፍራ ይዞአቸው ሄደ። እንግዲህ ዕረፍት የሰነፍ ምኞት ሳይሆን የጌታ ስጦታ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እኛ በደጋ የምንኖር ከደጃችን ብንወጣ ነፋሻ አየርና ጥላ እናገኛለን። ስለ ሥራ ወደ ጅቡቲ ከተማ የወረዱት ወገኖቻችን ግን እንዲህ አይደሉም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ወደቡም ቀንና ሌሊት አያርፍም። ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቶ ከተኙ በኋላ የሚመለስ አባት ብዙ ነው። ስለዚህ የዕረፍቱ ቀን ሲደርስ ድንኳን ይዞ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ዱር መውጣት መልካም ነው። ነገር ግን ስፍራው በማስተዋል ይመረጥ።

አንደኛ፥ ዓይንን ደስ ያሰኘውን ብቻ አንምረጥ። ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ አይቶ መረጠ፤ በዚያ የሚጠብቀውን ግን አልመረመረም። በጅቡቲ ምድር ዓይንን የሚያታልለው የደረቅ ወንዝ አሸዋ ነው። ደልዳላ ነው፥ የግራር ጥላ አለው፥ ከነፋስም የተከለለ ነው። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው ከሩቅ ተራራ ነው፤ በድንኳኑ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት እየታዩ ሳለ ውሃው በሌሊት ይደርሳል። በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚኖረው የአምቡሊ ወንዝ በድንገት ሞልቶ በከተማይቱ ብዙ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ ድንኳናችሁን ከወንዙ ዳር ራቅ ባለ ከፍ ባለ መሬት ላይ ትከሉ። በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ገለባና ጭራሮ ብታዩ፥ ውሃው እስከዚያ ድረስ ወጥቶ እንደ ነበረ ዕወቁ። መንገዱን ጎርፍ ቢቈርጠውም እስኪጎድል ታገሡ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ኀይለኛ ውሃ መኪና ይወስዳልና። ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው ጌታ ያስተማረውን እዚህ በዓይናችን እናያለን።

ሁለተኛ፥ ውሃን እናስብ። አጋር በአቁማዳ የያዘችው ውሃ ባለቀ ጊዜ ልጅዋን ከቍጥቋጦ ሥር ጥላ አለቀሰች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ከ5 ሊትር ያላነሰ የሚጠጣ ውሃ ይያዝ። አሳል ሐይቅ እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፥ ውሃውም ከባሕር ይልቅ ጨዋማ ስለ ሆነ፥ በሙቀት ወራት ሕፃናትን ይዞ የሚታደርበት አይደለም። አርታ ለከተማይቱ ቅርብ ሆኖ ከፍታ አለው። በጎዳ ተራራ ላይ ያለው የዳይ ደን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ከፍ ያለ ነው። በ1000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፥ የደጋ ልጅ በዚያ የአገሩን አየር ያሸታል።

ሦስተኛ፥ ሰው የማይታይበት ስፍራ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የይስሐቅ ሎሌዎች ጕድጓድ በቈፈሩ ጊዜ የአገሩ እረኞች ተጣሉአቸው፤ ይስሐቅም በሰላም አለፈ። የጅቡቲ ምድረ በዳ የአፋርና የኢሳ እረኞች ግጦሽ ነው። እንግዲህ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን ሰላም በሉ፥ ፈቃድም ጠይቁ። ግመሎችና ፍየሎች ከውሃ እንዳይሸሹ ከጕድጓድ ርቃችሁ ስፈሩ። በዳይ ብዙ ጥድ ደርቆአልና ለማገዶ አትቍረጡ፤ ከጅቡቲ ተራሮች በቀር በዓለም የማይገኝ ቆቅ የሚኖረው በዚያ ጥድ መካከል ነው። ደግሞም በዘዳግም 23 እግዚአብሔር የሕዝቡ ሰፈር ንጹሕ ይሆን ዘንድ አዝዞአልና፥ የሚበሰብሰውን ቅበሩ፥ የማይበሰብሰውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ወዳጆች ሆይ፥ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ብናደርግ እንኳ ፍጹም የሆነ ገለልተኛ ስፍራ አናገኝም። ሐዋርያት ከታንኳ ሲወርዱ ሕዝቡ ቀድሞአቸው ነበር። ጌታ ግን አልተቈጣም፤ ራራላቸው እንጂ። ወደቡን በልቡ ተሸክሞ የወጣ አባት በተራራ ላይም አያርፍም። በምድረ በዳ ልጁን በጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥያቄውን የሚሰማ፥ የሚስቱንም ድካም የሚጋራ ግን የጌታን ስጦታ ተቀብሎአል። ዕረፍታችን በስፍራው ማማር አይደለም፤ ሸክማችንን በተሸከመው በክርስቶስ ነው እንጂ። መውጣት ያልቻለ ድኻም በጠባብ ቤቱ ከዚህ ዕረፍት አይከለከልም።

በጅቡቲ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ይህን ምክር ጻፉላቸው፤ በመንገዳቸውም ጸልዩላቸው። መውጣታቸውንና መግባታቸውን እግዚአብሔር ይጠብቅ። አሜን።