ስለ አብሮ መድከም

ሰው ለእንጀራው ቢደክም ስለ ምን ደከምህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ገበሬ ከሞፈሩ፥ ሸማኔ ከጕድጓዱ፥ ነጋዴ ከበቅሎው ኋላ ሲደክም ምክንያቱ በደጁ ቆሞ ይታያል። ጥያቄ የሚነሣው ሰው የማያስፈልገውን ድካም ገንዘብ ከፍሎ ሲገዛ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሳይሆን አባትና እናት ከነልጆቻቸው ያንን ድካም ወድደው አብረው ሲገዙት ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። የቤቱ ሁሉ የጋራ ፍቅር የሆነ ነገር ለልጅ ስጦታ ነውን? ወይስ ቀንበር ነው? ይህን ለመመርመር ምሳሌ አድርጌ የያዝሁት በሩቅ አገር በተራራ ላይ የሚደረገውን የቢስክሌት እሽቅድምድም ነው። የቅኔ ሰው ከቢስክሌት ጋር ምን አገናኘው ብሎ አንባቢ አይሣቅብኝ፤ ነገሩ ዞሮ ወደ ቤታችን ይመለሳል። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍል ሌድቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 3100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው፤ ይኸውም የአዲስ አበባ ሰው ቀና ብሎ ከሚያየው ከእንጦጦ ራስ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። ሕዝቧ በማዕድን ይኖር ነበርና፥ ብረትን የሚያጠነክር ሞሊብደነም የሚባል ማዕድን የሚወጣበት የክላይማክስ ጕድጓድ በ1982 በተዘጋ ጊዜ ብዙ ቤት ያለ እንጀራ ቀረ። ከማዕድን ሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ኬን ክሎበር እንግዳ ወደ ከተማይቱ መጥቶ የሚያድርበትን ዘዴ ሲያስብ በ1983 በእነዚያ ተራሮች ላይ የ100 ማይል የእግር ሩጫ አቆመ። በ1994 ደግሞ ያንኑ ያህል ርቀት በቢስክሌት እንዲሆን ተደረገ። 100 ማይል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቀበቱ ሁሉ ቢደመር ከ3000 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ሄዶ በመጣበት የሚመለስ ሲሆን፥ በእኩሌታው ላይ ኮሎምባይን የሚባል የቀድሞ የማዕድን ስፍራ አለ፤ ከፍታው 3800 ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ ካሉት ከትዊን ሌክስ ሐይቆች ተነሥቶ እስከዚያ ለመድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ልብ እንደ ከበሮ ይመታል፥ እግር ግን አይታዘዝም፤ ብዙዎችም ወርደው ቢስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ይወጣሉ። የሚደረገውም በነሐሴ ወር፥ እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን ነው። በ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጨርሶ የገባ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል፤ በ9 ሰዓት ውስጥ የገባ ትልቁን ዘለበት ያገኛል። የድካሙ ሁሉ ዋጋ ይኸው ነው፤ አንድ ዘለበት።

በዚህ እሽቅድምድም ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች አንዱ ዴቭ ዊንስ ነው። ከ2003 እስከ 2008 ስድስት ዓመት በተከታታይ አሸንፎአል። ሚስቱ ሱዛን ዴማቴይም የተራራ ቢስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ በገባበት በ1996 በአትላንታ ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳይ ተቀብላለች። ባልና ሚስት በአንድ ሙያ እንዲህ ሲበረቱ ማየት ደስ ያሰኛል። ሆኖም የእኔን ጥያቄ የሚፈቱልኝ እነርሱ አይደሉም፤ ጠንካራ ከጠንካራ ጋር ቢጓዝ ምን ያስደንቃል? እኔን ያሳሰቡኝ ስማቸውን ማንም ሳያውቀው በየዓመቱ ወደዚያ የሚወጡት አባትና ልጅ፥ እናትና ልጅ፥ ወንድምና እኅት ናቸው። በእነዚያ ሰዎች ቤት ዕረፍት የሚባለው ቀን በዳገት ላይ ይውላል። በማዕድ የሚነሣው ወሬ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን፥ ስለ ሰንሰለትና ስለ ነገው ዝናብ ነው። ልጁም ቢስክሌት የሚሰጠው እምቢ ማለትን ሳይማር ነው።

ይህን የነገርሁት አንድ ወዳጄ፥ ሊቅ ሰው ነው፥ «ሆድ ሲጠግብ እግር ይቀብጣል» አለኝ። እኔም በከፊል ተቀብዬዋለሁ። ነገር ግን የከተማይቱን ታሪክ ደግመን እናስብ። በዚያች ከተማ ሰው ከምድር በታች ይደክም የነበረው ሌላ እንጀራ ስላልነበረው ነው፤ ዛሬ ከምድር በላይ በተራራው ላይ የሚደክመው ወድዶ ነው። የተገደደ ድካም ሰውን ያደክመዋል እንጂ ፈቃዱን አይመረምርም፤ ቢተወው ይራባልና። በወደደው ድካም ግን የመተው በር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍት ነው። ፔዳሉን በረገጠ ቍጥር «ልውረድ» ለማለት ይችላል፥ ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ሳይወርድ የቀረው ስለ ራሱ በሌላ መንገድ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ያውቃል። ይህን ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም።

ጽናት ብቻውን በጎነት ነው አልልም፤ ሌባም ሌሊቱን ሙሉ ይጸናል። በ2008 በዊንስ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው ላንስ አርምስትሮንግ በ2009 ተመልሶ ዊንስን በልጦ ሌድቪልን አሸነፈ። ጽናት አላነሰውም። ነገር ግን በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ሰባቱ የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹ በ2012 ተሰረዙበት። ደግሞም 12 ሰዓት ዳገት ሲታገል የዋለ ሰው ማታ ከቤቱ ገብቶ የልጁን ልቅሶ ሩብ ሰዓት መታገሥ ቢያቅተው ምን ተማረ እንላለን?

አሪስጣጣሊስ ስለ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ወዳጅነትን ሲመረምር፥ ሰው ሕይወቱን የሚያጣፍጥለትን ነገር ከወዳጁ ጋር ሊካፈለው እንደሚሻ ይናገራል፤ ስለዚህም አንዳንዱ አብሮ ሲጠጣ፥ ሌላው አብሮ ሲያድን ወይም ሰውነቱን ሲያለማምድ፥ ሌላውም አብሮ ሲፈላሰፍ ይኖራል። ይህ ለወዳጆች መልካም ነው፤ ወዳጅ ወዳጁን መርጦአልና። ልጅ ግን አባቱን አልመረጠም። ተራራውን መውደዱና በተራራው ላይ የአባቱን ፊት ፈክቶ ማየት መውደዱ ተደባልቀው ያድጋሉ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሊለየው አይችልም፤ ምናልባት እስኪሸመግልም ድረስ።

በደቡብ አፍሪቃ በ2004 የተጀመረ ኬፕ ኤፒክ የሚባል ሌላ እሽቅድምድም አለ። ስምንት ቀን ይፈጃል። የሚገባበትም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ፥ ወንድማማች ቢሆኑ አይከለከሉም። ሁለቱ በመንገድ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይራራቁ ሕጉ ያዝዛል፤ ተራርቀው ቢገኙ ይቀጣሉ። አንዱ ቢታመም ወይም ቢተው የቀረው ብቻውን መንገዱን ለመጨረስ ይፈቀድለታል፥ ከጥንዶቹ ማዕረግ ግን አይቈጠርም። ይህን ሕግ ባወቅሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁበት። የሁለቱ ፍጥነት የሚለካው በደካማው ነው። ለጠንካራው ትልቅ የትሕትና ትምህርት ይመስላል፤ ነውም።

ሆኖም ሕጉ ያላየው አንድ ነገር አለ። ጠንካራው ወደ አቀበቱ ራስ ቀድሞ ወጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ደካማው እያለከለከ በደረሰ ጊዜ ጠንካራው ዐርፎአልና «እንሂድ» ብሎ ወዲያው ይነሣል። እንግዲህ የጠበቀው ዐረፈ፤ የተጠበቀው አላረፈም። ይህ በእያንዳንዱ ዳገት ቢደገም፥ ሲመሽ ጠንካራው ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁት ብሎ ራሱን ያመሰግናል፤ ደካማው ግን ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አጥቶ፥ በዚያ ላይ ሲጠበቅ የዋለ ሰው ኀፍረት አለበት። ቀድሞ ወጥቶ መጠበቅ ሌላ፥ ጐን ለጐን መውጣት ሌላ ነው። ሁለት ደቂቃን መለካት ይቻላል፤ ይህን ልዩነት ግን የሚለካ ሰዓት የለም።

ይህን ያወቅሁት ከቢስክሌት አይደለም። በቤታችን የጋራ ፍቅር ነበረ፤ እርሱም ቅኔ ነው። አባቴ መምህር ነበሩ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቀን በጉባኤ የኔታ፥ ማታ በቤት አባባ እንላቸው ነበር፤ በእራት ሰዓት ግን ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆኑ አይለይም ነበር። እንጀራው ቀርቦ ሳይቈረስ ጉባኤ ቃና እንድንቈጥር ያዝዙን ነበር። እኔ ፈጥኜ እቈጥር ነበር። ወንድሜ ይዘገያል። አባቴ ፊታቸውን ወደ እሳቱ መልሰው ይጠብቁታል፥ አንድም ቀን ተቈጥተውት አያውቁም። እኔም እጠብቀዋለሁ። እርሱ ላብ እስኪያልበው ቤት ሲመታ እኔ ግን ዐርፌ ሁለተኛውን እያሰላሁ ነበር። በአቀበቱ ራስ ላይ ዐርፎ የሚጠብቀው እኔ እንደ ነበርሁ ያወቅሁት ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ወንድሜ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከአናጢ ቤት ገባ። አባቴ ክፉ አልተናገሩትም፤ መርቀው ሸኙት። ከዚያ በኋላ ግን ለእራት በተቀመጥን ቍጥር እርሱን ማንም ምንም አልጠየቀውም። ተጠልቶ አይደለም። በዚያ ቤት የሚጠየቅ ሌላ ነገር አልነበረምና ነው። እኔ ቅኔዬን እቈጥራለሁ፥ አባቴ ያርማሉ፥ እርሱ ይበላል። በእንጨት ሥራ ቀኑን ምን ሲማር እንደ ዋለ በማዕዳችን ላይ ቃል አልነበረውም። እንግዲህ ስጦታ ነውን ወይስ ቀንበር ነው ብዬ ለጀመርሁት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ አንድ ቤት አንድ ፍቅር ቢኖረው አይጐዳም፥ ከዚያ ፍቅር በቀር ሌላ ቋንቋ ካጣ ግን የወጣው ልጅ በገዛ ቤቱ ባዕድ ይሆናል። ቀንበር ቢሆንበት ይሻለው ነበር፤ ቀንበርን ሰብሮ ይወጡታል፤ ዝምታን ግን ምን ሰብረው ይወጡታል?

ስለዚህ የእነዚያን የተራራ ቤተ ሰቦች ነገር ስመለከት ዓይኔ የሚያርፈው በሚጋልቡት ላይ አይደለም። በሌድቪል መንገድ ቢስክሌተኞቹ ሲሄዱ አንድ ጊዜ፥ ሲመለሱ አንድ ጊዜ በትዊን ሌክስ በኩል ያልፋሉ። በዚያ ስፍራ የቤተ ሰብ ሰዎች ምግብና ውኃ ይዘው በመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ከእነርሱ መካከል ቢስክሌት የማትወድ አንዲት ልጅ አለች እንበል። ከማለዳ ጀምሮ በፀሐይና በነፋስ ቆማ ትውላለች። አባትዋ ይመጣል፥ ኮዳውን ተቀብሎአት ያልፋል፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ደግሞ ብዙ ሰዓት ትጠብቃለች፤ እስኪመለስ። ማታ ሁሉም ተሰብስበው ስለ አቀበቱ፥ ስለ በረዶው ዝናብ፥ ስለ ወደቀውና ስለ ተነሣው ሲጫወቱ፥ «አንቺስ ዛሬ ምን አየሽ?» የሚላት ይኖር ይሆን? ያየችው አለ። በሐይቁ ላይ ደመናው ሲዞር፥ እንደ እርስዋ የቆሙት የሌሎች ሰዎች እናቶች መንገዱን ሲያማትሩ፥ ያልመጣላቸውም ሰዎች ፊት ሲለወጥ አይታለች። ያን ቀን በተራራው ላይ ከነበሩት ሁሉ ይህን ያየ ከእርስዋ በቀር ማን አለ?

ወደ ኮሎምባይን የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ነው፤ ፈጥነው ደርሰው የሚወርዱትና ገና የሚወጡት በእርሱው ላይ ይተላለፋሉ። ባል በቍልቍለቱ እየበረረ ሲወርድ፥ ሚስቱ ቢስክሌትዋን እየገፋች ስትወጣ በዚያ ይገናኛሉ። እርሱ ፍሬን ቢይዝ ጊዜ ያልፍበታል። አንዳንዱ ስም ጠርቶ ያልፋል፥ አንዳንዱ እጁን ያነሣል። ቆሞ የሚወርድ ቢገኝ ግን ምናልባት ዘለበቱ ያመልጠዋል።

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ወደ ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። እርሱም እንደ እኔ ሸብቶአል። ከደጁ ዐዲስ የሠራው የዋንዛ በር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየሁ። «ይህ እንጨት መድረቁን በምን ታውቃለህ?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ፥ የምቀልድ መስሎት እንደ ሆነ እንጃ። ከዚያም በጣቱ አንጓ እንጨቱን መታ መታ አድርጎ «ጆሮህን አስጠጋ» አለኝ። ምሳው ቀርቦ ነበር፤ ቀዘቀዘ።