ጨዋታ በሐዘን ቤት

በለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት ነውር አይደለም። ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ አይቶታል። ድንኳኑ ተጥሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ሲያለቅሱ ወንዶቹ ከውጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪነጋ ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል፣ አልፎ አልፎም ይሳቃል። የሟች አባት ወጥቶ ቢያያቸው አይቆጣም፤ እንዲያውም አብረውት ስላመሹ ያመሰግናቸዋል። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ካርታውንም ተጫውቻለሁ። ታዲያ በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ፣ መቀሌ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጨዋታ ስለጠየቀኝ ለምን ያን ያህል ተቆጣሁ? ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ልጁ የእኅቴ ልጅ ነው። በትግርኛ የእናት ወንድም «አኮ» ይባላልና አኮ እያለ ይጠራኛል። የጠየቀኝም ነገር ትንሽ ነበር፤ የእጅ ጨዋታው ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝለት ኮምፒዩተሬ ላይ አንድ ጊዜ እንድፈቅድለት ብቻ ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ካላልሁ ነገሩ አይገባም። ኒንቴንዶ ዲኤስ የተባለው የእጅ ጨዋታ በ1997 ዓ.ም. የወጣ፣ እንደ ዳዊት ተገልጦ የሚከደን፣ ሁለት ስክሪን ያለው የጃፓን ሥራ ነው። ኩባንያው በዓመቱ ተጫዋቾች ከየአገሩ እየተገናኙ የሚጫወቱበትን የኢንተርኔት አገልግሎት ከፈተ። ዋይፋይ የሌለበት ቤት እንዳይቀርም ኮምፒዩተር ላይ የምትሰካ አንዲት የዩኤስቢ ማገናኛ አብሮ ሸጠ። ኮምፒዩተሩ በሽቦ ያገኘውን መስመር ማገናኛዋ በአየር ለመሣሪያው ታካፍለዋለች፤ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት መሣሪያ ታስተናግዳለች። የተሠራችው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረ፤ ጨዋታውንና ማገናኛዋንም ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የራሳቸው ልጆች ሲሰለቻቸው ልከውልናል።

ዋይፋይ ላለው ቤት ማገናኛዋ ትርፍ ትመስላለች። ግን አይደለችም። ዲኤስ የሚያውቀው የጥንቱን የዋይፋይ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ያም ቁልፍ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ የዛሬ ቤቶች ትተውታል። ለአንድ ጨዋታ ብሎ የቤቱን ሁሉ በር በላላ ቁልፍ ከመዝጋት ለብቻው አንዲት ጠባብ በር መክፈት ይሻላል። ጠባቧ በር ግን ዘበኛ አላት። አዲስ መሣሪያ ልግባ ሲል ስሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ካልፈቀደለት ውጭ ይቀራል። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የመቀሌ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ስልኩ በመሀል ተመልሶ ሰኔ 21 ቀን እንደገና ጠፋ። ኢንተርኔቱ ግን ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ወራት እስኪያልፉ፣ ለነዋሪው አልተመለሰም። በዚያ ዘመን የሩቅ ዘመድ ድምፅ የሚገኘው በቀይ መስቀል በኩል በሚደርሱ አጫጭር የቤተሰብ መልእክቶች ነበር፤ እነሱም ለታደለ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የታላቅ ወንድሜን መኖር አለመኖር ሳላውቅ ተኝቻለሁ፣ ተነሥቻለሁ። ስልኬን ግን በየማታው እከፍተው ነበር። ምን እንደምጠብቅ እንጃ።

በዚሁ ጊዜ ልጁና የጎረቤታችን ልጅ ይጻጻፉ ነበር።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዲኤስ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ማንም አገናኝ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በአየር በቀጥታ መነጋገር ይችላል። ፒክቶቻት የሚባል ነገር አለው፤ በብዕር የጻፍኸው ወይም የሣልኸው በሜትሮች ርቀት ላይ ባለው ጓደኛህ መሣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሲዘጋም ይጠፋል። ሁለቱ ልጆች መሣሪያቸውን በፀሐይ ኃይል እየሞሉ፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አልጋ ላይ ተኝተው፣ በግድግዳው ማዶና ማዶ ይጻጻፋሉ። አንድ ምሽት አጮልቄ አየሁ። «ምን በላህ?» ይላል አንዱ። «ቆሎ» ይላል ሌላው። ከዚያ ሰሐን ሙሉ ጥብስ ሣለና ላከለት። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ቀናሁ። በቤቱ ውስጥ ከሩቅ ምላሽ የሚያገኘው እሱ ብቻ ነበር፤ ሩቁም ዐሥር እርምጃ ነው።

ታኅሣሥ 2015 ላይ ስልኩ ተመለሰ። ያን ሳምንት በመቀሌ የነበረ ሰው አይረሳውም። በአንዱ ቤት እልልታ፣ በአጠገቡ ጩኸት ይሰማ ነበር። ደውሎ ያገኘም ደውሎ ያጣም አልቅሷል። እኛ መርዶ ሰማን። ወንድሜ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ዓመት ለሞላው ሞት እንዴት እንደሚለቀስ ደንብ አልተሠራለትም፤ ተዝካሩ ያለፈበት ሰው አዲስ ሆኖ ይሞትብሃል። የቤቱ ኢንተርኔት ሲመለስ እኔ ቀን ከሌሊት ኮምፒዩተሩ ላይ ተተከልሁ፤ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ ከጓደኞቹ ማን እንደተረፈ እፈልግ ነበር። ልጁ ማገናኛዋን ይዞ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ ከርሞ እንደ አዲስ ስለተጫነ የቀድሞው ፈቃድ ጠፍቷል።

«አኮ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ፍቀድልኝ።»

ቅዳሜ ማለቱን ልብ አላልሁትም። «በአጎትህ አታፍርም?» ብዬ ማገናኛዋን ነጠቅሁትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባት። እኅቴ ሰምታ ዝም አለች። ዝምታዋን ድጋፍ አድርጌ ቆጠርሁት።

ለመሆኑ ጨዋታ ቀልድ ነው ያለው ማን ነው? የኔዘርላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ ተጫዋቹ ሰው ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ የቁም ነገር ተቃራኒ አይደለም ሲል ይከራከራል፤ ፍርድ ቤቱም፣ ቅኔውም፣ ሥርዓተ አምልኮውም ከጨዋታ ጋር ዝምድና አላቸው ይላል። የጨዋታ የመጀመሪያ ምልክቱ በነፃ ፈቃድ መደረጉ ነው፤ በትእዛዝ የሚጫወት ሰው እየተጫወተ አይደለም። ሰውየው ይህን የጻፈው በተድላ ዘመን እንዳይመስላችሁ። ጀርመኖች አገሩን ከያዙ በኋላ በ1942 አሠሩት፤ ከእስር ቢወጣም ወደ ከተማው ወደ ላይደን እንዳይመለስ ከልክለውት ነፃነቷን ሳያይ በ1945 መጀመሪያ ላይ ሞተ። የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት ያደርጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ልጆች ጨዋታ ያስብ የነበረ ሹም መኖሩ ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቄው ነበር። ማወቄ ግን መሳቢያውን አላስከፈተኝም፤ ምክንያት ነበረኝና። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ሐዘን አለ፣ የሞተ ሰው ዜና ከመኪና ሽቅድምድም ይቀድማል። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። መስመር የዘጋ ሁሉ ምክንያት አያጣም። በዚያ የጨዋታ ኩባንያ ዘንድ ግንቦት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. የዲኤስን የኢንተርኔት አገልግሎት በዓለም ሁሉ ሲዘጋው ከአዲስ መሣሪያ ጋር መራመድ ነበረበት። የከተማን ስልክ የሚዘጋ መንግሥት የጸጥታ ምክንያት አለው። እኔ ደግሞ ሐዘን ነበረኝ። ጥይትና ኩርኩም አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ስልክ ተዘግቶ ሰው ሐኪም ሳያገኝ፣ ዘመዱን ሳይሰናበት ሲሞት አይቻለሁና እንዲህ ያለ ሚዛን አልይዝም። ግን ለልጁ የተናገርሁትን ቃል አስቡት፤ «አሁን አይደለም፣ ከአንተ ጉዳይ የሚበልጥ አለ።» ይህን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ከበላይ ስሰማው ኖሬ፣ አንዲት መሳቢያ በእጄ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መልሶ መናገር ሆነ።

አያቶቻችን በዚህ አልተፈተኑም። ገበጣ ለመጫወት መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. የአገራችንን ገበጣዎች ሲመዘግብ የጨዋታው ዓይነት ብዛት አስገርሞኛል፤ ከሁሉም ውስጥ ግን ሦስተኛ ሰው ፈቃድ የሚሰጥበት የለም። ጎረቤትህ ከሄደ ግን ገበጣ አይከተለውም።

የእኛም ጎረቤት ሄዷል። ታኅሣሥ 19 ቀን የአውሮፕላን በረራ ሲጀመር ቤተሰቡ ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ አቀና። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ሸኝቻቸዋለሁ። ያላወቅሁት ሌላ ነው። አንድ ቀን የደዋዮችን ስም ልጽፍ ወረቀት ስፈልግ የልጁን ደብተር አነሣሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ «የኔ»፣ ሁለተኛው «የሱ» ይላል። ስልክ መስሎኝ ቆጠርሁት፤ ዐሥራ ሁለት አሃዝ ነው፣ በ251 ግን አይጀምርም። ከሥሩ «ቅዳሜ 10 ሰዓት» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ልጁን ጠርቼ ጠየቅሁት። ቁጥሩ በዚያ የመኪና ሽቅድምድም ሁለት ጓደኛሞች የሚፈላለጉበት ነው። ኩባንያው በሩን ከዘጋ በኋላ በየአገሩ ያሉ የጨዋታው ወዳጆች በገዛ ገንዘባቸውና ጉልበታቸው ሌላ ሰርቨር ሠርተዋል፤ ልጆቹ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋሉበት ወራት የጎረቤቱ ታላቅ ልጅ መሣሪያዎቹን ወደዚያ አዙሮላቸው ነበር። ሲለያዩ አንዳቸውም ስልክ የላቸውም። በመቀሌ ኢንተርኔት ሲመለስ በየቅዳሜው በዐሥር ሰዓት ሊገናኙ ተቃጠሩ።

ማገናኛዋ ከተቆለፈባት አምስት ቅዳሜ አልፏል።

መሳቢያውን ከፈትሁ። በስድስተኛው ቅዳሜ የልጁ መሣሪያ ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ ሲል ፈቀድሁ። ጓደኛው አልነበረም። በሰባተኛውም አልነበረም፤ ልጁ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጠብቆ ዘጋው፣ እኔንም ምንም አላለኝም። በስምንተኛው ግን ተገኘ። ለምን እንደዘገየን ንገረውና ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለው፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ መጻፍ አይቻልም አለኝ። ዝም ብለው ተሽቀዳደሙ፤ እኔም የወንድሜን ነገር መፈለጉን ትቼ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። የእኛው ልጅ ሦስቴ ተሸነፈ።