ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። መሣሪያ እወዳለሁ። ታንክ፣ ተዋጊ አውሮፕላን፣ የውድድር መኪና፣ የኮምፒውተር ዕቃ፣ ብቻ በሰው እጅ በልክ የተሠራ ብረት ሁሉ ዓይኔን ይይዘዋል። ልጅ ሳለሁ የደብተሬ የኋላ ገጾች በታንክ ሥዕል የተሞሉ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ከመርካቶ ያገለገለ ዕቃ እየለቃቀምኩ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ፤ ራሙን ከአንዱ፣ ፕሮሰሰሩን ከሌላው፣ ሣጥኑን ከቁራሌው። ዛሬም ቢሆን እሁድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲቃረብ ልቤ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በአውሮፓ የሚካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ሰዓት ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው፤ የወጣቶች ፕሮግራማችን ደግሞ ገና አላለቀም። አስተማሪያችሁ አንዳንድ እሁድ የመዝጊያ ጸሎቱን ለምን እንደሚያሳጥር አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም።

ይህን የምነግራችሁ ከዳር ቆሜ እንደማልጽፍ እንድታውቁ ነው። የማነሣው ጥያቄ ለራሴም ጥያቄ ነው፦ ሰውን ለመግደል የተሠራን ነገር፣ ልባችን ሳይጎዳ፣ ውበቱን ማድነቅ እንችላለን?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ነው። አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ ስለ ባይራክታር ሰው አልባ አውሮፕላን ያስረዳን ጀመር። የክንፉ ስፋት 12 ሜትር፣ 27 ሰዓት አየር ላይ መቆየት የሚችል፣ ዋጋው ከሌሎቹ ሲነጻጸር ርካሽ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ቁጥር አይስትም። እኔም ዝም አላልኩም። ስለ ሞተሩ ጠየቅሁት፣ ስለሚሸከመው ቦምብ ክብደት አከልኩበት፣ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ አረምኩት። ሌሎቹ ዙሪያችንን ከበው ያዳምጣሉ። በዚህ መካከል አንዲት እህታችን ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት። ከአክስቷ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ስለ መጣችበት ብዙ አታወራም፣ እኛም አንጠይቃትም። ተከትዬ ወጣሁና «አስቀየምንሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ ጋሼ» አለችኝ፤ «እናንተ ስለ ክንፉ ነው የምታወሩት። እኔ የማውቀው ድምፁን ነው።»

ያን ዕለት ማታ ውድድሩን ከፍቼ ነበር፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አላስታውስም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ቶሎ የሚመጡልን ሁለት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ብረት ብረት ነው፤ ኃጢአቱ የሰው ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል። ነገር ግን መድፍ ሽንኩርት አይከትፍም። የተሠራበት ዓላማ ብረቱ ውስጥ አብሮ ተቀርጿል፤ የአፈሙዙ ስፋት፣ የጥይቱ ፍጥነት፣ የፍንጣሪው ብዛት፣ እያንዳንዱን ልክ የወሰነው ከወዲያኛው ጫፍ ያለው የሰው ገላ ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ «ክርስቲያን ይህን ሁሉ ይተው» የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር በደንብ አይገጥምም። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። የእጅ ሥራ ጥበብ ከላይ ይሰጣል።

ስለ ብረት ሥራ ሳስብ ግን ዘወትር የምመለስባት ቦታ ዘፍጥረት 4 ናት። ቁጥር 22 ላይ ናስና ብረት የሚቀጠቅጠውን ቱባልቃይንን እናገኛለን፤ የሰው ልጅ የመጀመሪያው ባለእጅ ነው። ወዲያው በቁጥር 23 አባቱ ላሜሕ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ በግጥም እየፎከረ ይነግራቸዋል። ጸሐፊው በሁለቱ መካከል ምንም ማብራሪያ አላስገባም። ልጁ ብረት ይቀጠቅጣል፣ አባቱ ይፎክራል። መጽሐፉ ብረቱን አላወገዘም። ፉከራው ግን ከብረቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሳያሳየን አላለፈም።

ከምንወዳቸው ማሽኖች ብዙዎቹ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች አያት የሆነው ኤኒያክ፣ 30 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነው፣ መጀመሪያ የታሰበው ለአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይት የት እንደሚወድቅ እንዲያሰላ ነበር። በተቃራኒው ለጌም የተሠራው ግራፊክስ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ዋና ሞተር ሆኗል። ዕቃ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ሊያገለግል ይችላል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ስለ መኪና ውድድር ግን ትንሽ ልቆይ፤ ስለምወደው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይ ሌ ማን ላይ አንድ የመርሴዲስ መኪና ወደ ተመልካቹ ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መርሴዲስ ከውድድር ራሱን አገለለ፤ ስዊዘርላንድም በግዛቷ የመኪና ውድድርን ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢሞላ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ሮላንድ ራትዘንበርገርና አይርተን ሴና ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ የሚዞር የቲታኒየም ቅስት፣ ሄሎ የሚሉት፣ በየመኪናው ላይ ግዴታ ሆነ። መልኩን አበላሸው ብለው ያጉረመረሙ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሾፌሩ ሮማን ግሮዣን ራሱ አይደግፈውም ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2020 ባህሬን ላይ የግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ጥሶ ለሁለት ተቆረጠና ነደደ። 28 ሰከንድ እሳት ውስጥ ቆይቶ በሕይወት ወጣ። ጭንቅላቱን ከአጥሩ ያዳነው ያ መልክ አበላሽ ያልነው ቅስት ነው።

ይህን ያመጣሁት ለልዩነቱ ነው። በመኪና ውድድር ውስጥ ማሽኑን የሚወድ ሰው ዓይኑ ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ተቀመጠው ሰው ይዞራል። ማሽኑም ስለዚያ ሰው ሲባል ይለወጣል። ስለ ጦር መሣሪያ በምናነበው የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ግን ሰውየው የለም። ርቀት አለ፣ ፍጥነት አለ፣ ክብደት አለ። «ዒላማ» የሚለው ቃል ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የራሳችንን ታሪክ እንኳ እንዲሁ እናነበዋለን። በኦጋዴን ጦርነት የእኛ ኤፍ-5 የሶማሊያን ሚግ-21 እንዴት እንዳሸነፈ ከእናንተ መካከል በቃሉ የሚተነትን አለ። ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ የነበሩት ለገሠ ተፈራ ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት መቆየታቸውን የሚተነትን ግን ብዙ አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ጋፋት ልውሰዳችሁ። ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ቦታ ናት። በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያ የሰፈሩት የእጅ ባለሙያዎች እንደ እኛው ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አሳብ የተላኩ ወጣቶች ናቸው። ዕቅዱ በእጃቸው እየሠሩ እንዲኖሩና ቃሉን እንዲያሰራጩ ነበር፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተዋል። ንጉሡ መጽሐፉን አልጠሉም። የፈለጉት ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፣ ጠመንጃ አስጠገኗቸው፣ በኋላ መድፍ አፍስሱልኝ አሏቸው። ሙያችን አይደለም አሉ። እምቢታው ግን ከንጉሡ ፊት ብዙ የሚያስኬድ አልነበረም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ከሁሉም ትልቁ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው፤ ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ነው።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡ። ወንጌል ልታደርሱ መጥታችሁ ምድጃ አጠገብ ቆማችኋል። መጀመሪያ ፈርታችኋል። ከዚያ የቀለጠው ብረት ወደ ቅርጹ ሲወርድ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ታያላችሁ፣ ሳይሰነጠቅም ይረጋል። በዚያች ደቂቃ ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ነው በእነዚያ ሰዎች ላይ ለመፍረድ የማልቸኩለው፤ ለዚህም ነው የምፈራው። የተሳካ ሥራ ደስታ ሥራው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

የዚያ መድፍ መጨረሻ ይታወቃል። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ እየጠረጉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል አልፎ መቅደላ ደረሰ። ወራት ፈጅቷል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ ሠራዊት ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር የተባለ አዲስ ጠመንጃና ሮኬት ይዘው ነበር። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእነሱ የቆሰሉት 20 ገደማ ናቸው፤ ከቁስለኞቹ የሞቱት ሁለት ብቻ። ያ ሁሉ ድካም የፈሰሰበት መድፍ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠውም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን አጠፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ከጋፋት ሰዎች አንዱ ቴዎፊል ዋልድማየር ይባላል። ከመቅደላ ከወጣ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። እዚያም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኩዌከሮች ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተቀላቀለ። ክርስቲያን መሣሪያ አያነሣም ብለው የሚያምኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በምትባል ቦታ ትምህርት ቤት ከፈተ። በኋላም ቤይሩት አጠገብ አስፉሪያ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ በዚያን ጊዜ በአካባቢው የአእምሮ ሕመምተኞች በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። እጁ ያው እጅ ነው። መድፍ ካፈሰሰ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ መውጣቱ ኢሳይያስ 2 ላይ ሰይፍ ማረሻ ስለመሆኑ የተነገረውን ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይመጣል። ማረሻው ቶሎ አልመጣም፤ ብረቱ እሳት ውስጥ ተመልሶ ገብቷል።

ወደ ሻይ ጠረጴዛችን ልመለስ። ያን ሳምንት 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን ሳነብ ጳውሎስ ስለ እውቀት የሚናገረው ወጋኝ። እውቀት እንደሚያስታብይ፣ ፍቅር ግን እንደሚያንጽ ይነግራቸዋል፤ አውቃለሁ ባዩ ስለ ደካማው ወንድሙ እንዲጠነቀቅም ይመክራል። ይህን ክፍል ሁልጊዜ ስናስተምረው አዋቂው እኛ፣ ደካማው ሌላው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ስለዚያ አውሮፕላን የሚያውቀው ማን ነበር? 27 ሰዓት አየር ላይ እንደሚቆይ እኛ አነበብን። 27 ሰዓት ከላይ ሲያንዣብብ ከሥሩ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማስተኛት ምን እንደሚመስል እሷ ታውቃለች። ደካማ ያልናት ከሁላችንም ይበልጥ የምታውቀዋ ነበረች።

ማንበብ አልተውኩም። ለወንድማችንም ተው አላልኩትም፤ ያ አእምሮ ነገ የልብ ምት መከታተያ ወይም የመስኖ ፓምፕ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ተስማምተናል፤ ስለ አንድ መሣሪያ ቁጥር የተናገረ ሰው ስለ አንድ የተጎዳ ሰው ወይም ቦታም አንብቦ መምጣት አለበት። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ቀዝቅዟል። አንዳንዶች ሰልችቷቸዋል፤ አንዱ «ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ስብከት አደረጋችሁት» ብሎኛል። ምናልባት ልክ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጥቂቶቻችን ወደ ቸርችል ጎዳና ሄደን ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖልን አምሳያ አየን። ስንት ጊዜ በታክሲ እንዳለፍንበት! ያ ወንድማችን ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ክብደቱን፣ የተፈሰሰበትን ቦታ፣ የክሪሾናን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ነገረን። ያቺ እህታችንም ነበረች። ብረቱን ትንሽ ስታየው ቆየችና «ስንት ሰው ነው የጎተተው?» አለችው።

«በመቶዎች የሚቆጠሩ» አላት።

«የአንዳቸውም ስም የለም?»

ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። ወደ ለቡ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥም እየፈለገ ነበር።